ባዶ ጆሮ

ጆሮዋ ከከዳት ወዲህ ሰዎች በኖኪሹ ፊት የሚያወሩት በግንድ ፊት እንደሚያወሩ ሆኗል። ድሮ እሷ ብቅ ስትል ምላሷን ፈርተው ወሬያቸውን የሚውጡ ሴቶች፣ ዛሬ አጠገቧ ተዘርፍጠው ስለ ራሷ ስለ ኖኪሹ ያወራሉ። ከንፈራቸው ይላወሳል፤ ጥርሳቸው ይታያል፤ አንዷ የሌላዋን ጭን እየመታች ትስቃለች። "ምን አላችሁ?" ስትል "ኧረ ምንም፣ ኮኮ" ይሏታል፤ አያት ማለታቸው ነው። ከረፋድ እስከ ቀትር የተወራ ነገር እንዴት ምንም ይሆናል? ለምንም ሲል አፉን እንዲህ የሚያደክም ሰው አለ?

ፊደል አልቆጠረችም፤ እሱን አትክድም። ግን በዚያች በእሾህ በታጠረች መንደር ያለውን ከብት ሁሉ እስከ አያቱ ድረስ ታውቀዋለች። ዛሬ ግራሩ ሥር ተኮፍሶ ከሚፈርደው ሽማግሌ መካከል የትኛው በልጅነቱ በፍየል ተወግቶ እያለቀሰ እናቱ ጉያ እንደገባም ታውቃለች። መስማት ያቃተው ሰው ማሰብም ያቃተው የሚመስላቸው ሰዎች ያንገበግቧታል። ሻይ ሲሰጧት እንኳ እጇን ይዘው ኩባያው ላይ ያሳርፉላታል።

"የጠፋው ጆሮዬ ነው ወይስ ዓይኔ?" ብላ ትጮኻለች።

ስትጮህ ደግሞ ይባስ ይስቃሉ፤ ድምጿን መመጠን ካቆመች ቆይታለችና።

ጆሮዋ እንዲያው ዝም ቢል ደግ ነበር። ዝም አላለም። በቀኝ በኩል ወንዝ ይፈሳል፤ በግራ በኩል ፌንጣ ይጮኻል፤ ሁለቱም ማረፍ አያውቁም። መጀመሪያ የጀመራት ሰሞን ጎጆው ውስጥ ፌንጣ ገብቷል ብላ የመኝታውን ቆዳ ሁሉ አራገፈች፤ የናሬዮንም ዕቃ አንድ ሳይቀር ሜዳ ላይ በተነችው። ናሬዮ የልጇ የሳይዲሙ ሚስት ናት። ቅሉንም ድስቱንም ለቅማ ወደ ቦታው መለሰች። ምንም አላለችም። ወይም ብላ ይሆናል፤ ማን ሰምቷት።

ከወንዙ ጋር ግን እያደር ተላመዱ። ንጋት ላይ፣ የሌንኪዮ ተራራ ጉሙን ገና ከትከሻው ሳያወርድ፣ ኖኪሹ የላም ቆዳዋ ላይ ተንጋላ ዓይኗን ትከድናለች። ያኔ ወንዙ ከፍ ይላል፤ ይሞላል፤ ጎጆውን፣ አጥሩን፣ መንደሩን ሁሉ ጠርጎ ይወስድና እሷን ብቻ ዳር ላይ ይተዋታል። ውሃው ወተት የመሰለ ነው። ከላይ በኩል ድምፅ እያንሳፈፈ ያመጣል። እናቷ ላም ስታልብ የምታንጎራጉረው ዜማ ይመጣል፤ አረፋ እንዳዘለ እየተንገዋለለ በፊቷ ያልፋል። የባሏ ሳል ይመጣል። ገና አፍ ሳትፈታ የሞተች ታናሽ እህቷ ስትንተባተብ ትመጣለች። ኖኪሹ አትፈራቸውም። "ደህና አደራችሁ?" ትላቸዋለች፤ ያልፋሉ። ወደ ታች የት እንደሚወርዱ አታውቅም፤ ጠይቃቸውም አታውቅ።

ከዝናቡ ወዲህ ግን በዚያ ውሃ ላይ አዲስ ድምፅ መጣ። ፉጨት ነው። መጨረሻው ላይ ወደ ላይ እጥፍ የሚል፣ ከብት ወደ ውሃ ሲነዳ የሚፏጭ ፉጨት። እንዲህ የሚያፏጭ ሳይዲሙ ብቻ ነው። የሰማችው ቀን ከቆዳዋ ላይ ብድግ ብላ ተቀመጠች፤ ምክንያቱም በዚያ ወንዝ የሚመጡት ሁሉ ሙታን ናቸው። በሕይወት ያለ ሰው አንድም ቀን መጥቶባት አያውቅም።

ሳይዲሙ ሣር ባለቀ ጊዜ ከብቱን ይዞ እንደ ሌሎቹ ወደ ደቡብ ወረደ። ዝናብ ዘነበ፤ ሣር በቀለ፤ ሌሎቹ ተመለሱ። እሱ አልተመለሰም። ኖኪሹ ሌኩላልን ጠየቀችው። ሌኩላል የባሏ ታናሽ ወንድም ነው፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ የቤቱ አባወራ እሱ ነው። እጁን አወዛወዘላት፤ ደህና ነው ማለቱ ነው። ዓይኑን ግን ተራራው ላይ ተከለ። እንደገና ጠየቀችው፤ እንደገና እጁን አወዛወዘ፤ ዓይኑ አሁንም ተራራው ላይ። እዚያ ተራራ ላይ ምን አለ? ከዚያ በኋላ ግራሩ ሥር የሚላወሰውን ከንፈር ሁሉ ስታይ አንድ ሐሳብ ያዛትና አልለቅ አላት። ልጄ ሞቶ ይሆናል፤ እነዚህ ሰዎች ሞቱን በፊቴ ቁጭ ብለው እያወሩት ይሆናል፤ እኔ መሃላቸው ሻይ እየጠጣሁ።

ስለዚህ የጆሮ ሐኪሞች መኪና ዋምባ ከተማ መጥቷል ተብሎ ናሬዮ በእጇ እያሳየች ስትነግራት፣ ኖኪሹ እስክትጨርስ አልጠበቀችም።

"ተነሺ። ዛሬውኑ እንሄዳለን። ከዚህ ሕዝብ ጋር ሒሳብ አለኝ።"

ዋምባ የደረሱት ፀሐይ ስትከርር ነው። ድንኳኑ ውስጥ ካጌንዶ የምትባል፣ ከሜሩ ነገድ የሆነች ሐኪም ተቀምጣለች። የነኖኪሹን ቋንቋ የምትናገረው ትኩስ ነገር አፉ ውስጥ እንደገባበት ሰው ነው፤ ደግ ሴት ግን ናት። ጆሮዋን በመብራት አየችላት፤ ከዚያ ሽቦ ያለው ነገር አልብሳ ድምፅ ሲሰሙ እጅዎን ያንሱ አለቻት። ኖኪሹ እጇን አንስታ አላወርድ አለች።

"አሁን እኮ ምንም ድምፅ የለም፣ እናቴ!" አለች ካጌንዶ፤ ናሬዮም ጆሮዋ ሥር ደግማ ጮኸችላት።

"ለአንቺ ነው የሌለ። እኔ ዘንድ ወንዙ አለ።"

ካጌንዶ ሳቀች። ከሣጥን ውስጥ አንዲት ግራጫ፣ ሆዷ የተነፋ ትንሽ ነገር አወጣች፤ ከጆሮ ጀርባ የምትቀመጥ፣ በቀጭን ቱቦ ወደ ውስጥ የምትገባ።

"ይቺ መዥገር ናት" አለች ኖኪሹ። "ስንቱን ከላም ላይ ስነቅል ኖሬ፣ አሁን እኔ ላይ ልትለጥፊ?"

"መስሚያ ናት!"

"መዥገር ናት። ለጥፊያት እስቲ።"

ካጌንዶ መለጠፊያ ቦታ ፈልጋ አጣች። ኖኪሹ በሁለቱም ጆሮዎቿ የናስ ጥምዝ ታንጠለጥላለች፤ እንደ እባብ ተጠቅልሎ የተኛ፣ ጡንቻ ያለው ናስ። ክብደቱን የሚሸከመው ጠፍር ከጆሮዋ በላይ ዞሮ በጀርባ ይወርዳል። መዥገሯም ቦታዋ እዚያው ነው። ካጌንዶ ጠፍሩን በጣቷ ነካ አድርጋ "ይህን ቢያወልቁት" አለች። ናሬዮ ደነገጠች። ቃሉን ወደ ኖኪሹ ጆሮ ማሳለፍም ፈራች።

"ምን አለች?"

"ናሱን… ናሱን አውልቁ ትላለች፣ ዬዮ፣ እናቴ!"

ኖኪሹ ሴትየዋን ከእግር እስከ ራስ አየቻት። "ልጅ አለሽ ወይ በያት።"

ካጌንዶ እንደሌላት፣ ገናም እንዳላገባች ራሷን ነቅንቃ ነገረቻት።

"ታዲያ ለዚህ ነው። ልጅ ያለው ሰው እንዲህ አይናገርም።"

ይህን ናስ ያደረገችው ሳይዲሙ ተገርዞ ጦር የያዘ ዕለት ነው። የወንድ ልጅ እናት ናሷን አታወልቅም፤ ስትተኛም፣ ስትታጠብም፣ ስትታመምም። የሚወልቀው በአንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያንን ቀን ማንም እናት በአፏ አትጠራውም። ባዶ ጆሮ ያላት እናት ከታየች መንገደኛ እንኳ ቆሞ ያለቅሳል፤ የማን ልጅ እንደሆነ ሳይጠይቅ።

እናም ካጌንዶ የቻለችውን ያህል መዥገሯን ከጠፍሩ ጋር አጣብቃ ለጠፈቻትና ከፈተቻት።

ብረት ቀጥቃጭ ጭንቅላቷ ውስጥ ገብቶ ሥራውን ጀመረ። ናሱ መዥገሯን በነካት ቁጥር ቋ! ይላል። ኖኪሹ ተሳድባ ልትነቅላት እጇን ሰደደች፤ ግን ከድንጋጤዋ የተነሳ ለአፍታ ደርቃ ቆመች። ደርቃ ስትቆም ናሱም ቆመ። በዚያች አፍታ ውስጥ አንድ ነገር በድንኳኑ ጣሪያ ሥር አለፈ። ቀጭን፣ ጥቁር ክር የመሰለ ድምፅ፤ ዞረ፣ ተጠማዘዘ፣ ናሬዮ ትከሻ ላይ አረፈና ጠፋ።

ዝንብ ነበር። ዝንብ ድምፅ እንዳላት ከረሳች ስንት ዘመኗ።

"እወስዳታለሁ" አለች።

መንደር ከተመለሱ በኋላ ሰዎች ኖኪሹን ሜዳ መሃል እንደ ሽመላ ተገትራ ያገኟት ጀመር። አትራመድም፤ አንገቷን አታዞርም፤ ትንፋሿን ሳይቀር ትቆጥባለች። ስትራመድ ብረት ቀጥቃጩ ይመጣል፤ ስትቆም ዓለም ቁራጭ ቁራጩን ያቀብላታል። የግልገል ጩኸት ግማሽ። ወተት ቅል ውስጥ ሲወርድ፣ ጅው… ከዚያ ቋ! የነፋስ ጫፍ። ሁሉም ከእንቅልፍ ሊነቃ ሲል ያለ ሰው እንደሚሰማው ነው፤ ቅርብ፣ ግን ከመጋረጃ ወዲያ።

"ኮኮ ዛፍ ሆነች! ወፍ ይስፈርባት!" ይላሉ ልጆቹ።

"ቅርንጫፌ ሲያርፍብህ ታውቀዋለህ" ትላለች ሳትነቃነቅ።

ሽማግሌዎቹ ዘንድም ሄዳ ቆመች። ግን ስለ ልጅ የሚወራ ወሬ እየሰሙ ልብ አይቆምም፤ ልብ ሲመታ ደረት ይነሳል፤ ደረት ሲነሳ ናሱ ይወዛወዛል። የልጇን ስም ሰማች፤ እሱን እርግጠኛ ናት። ከስሙ በኋላ ያለውን ብረቱ በላው። እንደገና ስሙ፤ እንደገና ብረቱ። ሌኩላል ቀና ብሎ አያትና ፊቱን ወደ ተራራው መለሰ።

በማግስቱ የመንደሩ ሴቶች አሸዋ ቆፍረው ውሃ ለመቅዳት ወደ ደረቁ ወንዝ በወረዱ ጊዜ ኖኪሹ ጎጆዋ ገብታ ተቀመጠች። በግድግዳው ስንጥቅ ብርሃን እንደ ጦር ዘንግ እየተወረወረ መሬቱ ላይ ይሰካል። ሽማግሌዎቹ ከጎጆዋ ጀርባ ካለው ግራር ሥር ናቸው፤ ያለ ናሱ ብትሆን ሁሉንም ትሰማለች። እጇን ወደ ጆሮዋ አነሳች፤ አወረደች። እንደገና አነሳች።

"ሳይዲሙ" አለች፣ ወደ ወንዙ። "ለአፍታ ነው። ሞትህን እየተናገርኩ አይደለም። ወሬህን ልሰማ ነው። ዓይንህን ጨፍን።"

ጠፍሩን ፈታች። የቀኙ ወረደ፤ የግራው ወረደ። ጭኗ ላይ አስቀምጣ በልብሷ ሸፈነቻቸው፤ ይሞቃሉ፤ የገዛ ሥጋዋን የነቀለች መሰላት። ጆሮዎቿ ቀለሏት፤ ጭንቅላቷ እንደ ባዶ ቅል ወደ ላይ የሚንሳፈፍ መሰላት። መዥገሯን በቦታዋ አደረገቻት።

ብረት ቀጥቃጩ የለም። ወንዙም እንደ እንግዳ ተቀባይ ዝቅ ብሎ መንገድ ለቀቀ። ከዚያ ሁሉም ገባ። የአጥሩ እሾህ እርስ በርሱ ሲፋቅ። እርግብ፤ ከእርግቧ ወዲያ ሌላ እርግብ። የጣሪያው ጭራሮ በፀሐይ ሲሰነጠቅ። የገዛ ቆዳዋ፣ እጅ በእጅ ሲሻሽ፣ ደረቅ ቅጠል ነው። ኖኪሹ አፏን ከፍታ ተቀመጠች። ወሬ ልትሰማ እንደመጣች ለአፍታ ረሳችው። እርጅናዋም ተረሳት፤ እናቷ ደጅ ላይ ቆማ ላሟን የምትለማመጥ መሰላት።

እርምጃ ሰማች። የጀሪካን ውሃ ሲንቦጫረቅ። ናሬዮ ከሌሎቹ ቀድማ ተመልሳ ጎንበስ ብላ ገባች፤ ቀና ስትል ዓይኗ የኖኪሹ ጆሮ ላይ አረፈ።

ጀሪካኑ ወደቀ። ከዚያ ናሬዮ ጮኸች።

ያን ጩኸት ኖኪሹ እንደ ድምፅ አልሰማችውም፤ እንደ እሳት ነው የገባባት። ገባት። ናሬዮ ውሃው ዘንድ ወሬውን ሰምታ መጥታለች። ሞቷል። ሳይዲሙ ሞቷል። ኖኪሹም አፏን ከፈተችና ከናሬዮ በላይ ጮኸች። ናሬዮ ደግሞ የእሷን ጩኸት ስትሰማ የቀራት ጥርጣሬ ካለ እሱም ሞተ፤ መሬት ላይ ተዘረረች። የፈሰሰው ውሃ ከሥሯ ጭቃ ሆነ።

ሴቶቹ እየሮጡ መጡ። እያንዳንዷ በሩ ላይ አጎንብሳ ትገባለች፤ ባዶዎቹን ጆሮዎች ታያለች፤ እሪ ትላለች። ማንም ማንንም አልጠየቀም። ለቅሶ ቤት ገብቶ ማን ይጠይቃል?

ኖኪሹ ዓይኗን ከደነች። ወንዙ ሞልቶ ነበር። ዳሩ ላይ ተቀመጠችና ጠበቀችው፤ አሁን የግድ በዚህ ያልፋልና። የእናቷ ዜማ አለፈ። የባሏ ሳል አለፈ። ታናሽ እህቷ እየተንተባተበች አለፈች። ውሃው ነጣ፤ ዝም አለ። ፉጨቱ ግን አልመጣም። ወደ ላይ አየች፤ ወደ ታች አየች። ከማዶ፣ ከደረቁ በኩል፣ አቧራ የሚያስነሳ ሰው ያለ መሰላት፤ ግን ውሃው ላይ ማንም የለም።

"ታዲያ የት አለ?" አለች ጮክ ብላ።

በዚህ መሃል ነው ሌኩላል በትሩን ይዞ እያለከለከ የገባው።

"ማነው የሞተው?"

"ባሌ!" አለች ናሬዮ ከመሬት።

"ማን አለ?"

"ዬዮ ናቸዋ! ጆሯቸውን አያዩም?"

"እኔ?" አለች ኖኪሹ። "እኔ አንቺ ስትጮኺ ሰምቼ ነው እንጂ!"

"እኔ ደግሞ ጆሮዎን አይቼ ነው!"

ከኋላ ለሐዘን ራሷን ልትላጭ ምላጭ ያወጣች አንዲት ጎረቤት፣ ማንም ሳያያት ምላጩን ቀስ አድርጋ ወደ መቀነቷ መለሰች።

ሌኩላል በሁለቱ ሴቶች መካከል ተንበረከከ። ጢሙን ወደ ኖኪሹ ጆሮ አስጠጋ። እንደ ሌላው ጊዜ አልጮኸም። ሹክ አለ።

"አለ። በሕይወት አለ።"

ሹክሹክታ ከሰማች ዘመናት አልፈዋል። ነፋስ ለጋ ሣር ላይ እንደሚሄደው ነው የገባላት፤ ከቃሉ በፊት ሙቀቱ ደረሰ። ስንት ዓመት ሙሉ ሰው ያናገራት እንደ ከብት እየጮኸባት ነው። ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ተቆጣችው፣ እንባዋን።

"አለ? በሕይወት?" ብላ ጮኸች፤ እሷ መቼም ሹክ ማለት አትችልበትም። ናሬዮ ከጭቃው ተነስታ ተቀመጠች። ሌኩላል ሴቶቹን በእጁ ወደ ውጭ ጠራረጋቸው፤ ከደጅ ሆነው እንደሚያዳምጡ እያወቀ እንደገና ጎንበስ አለ።

ቀስ አድርጎ ነገራት። ከብቱ አልቋል። አንድም አልቀረም፤ ግማሹ በጥም፣ ግማሹ በበሽታ። ሳይዲሙ ባዶ እጄን መንደር አልገባም ብሎ ናንዩኪ ከተማ ቀርቷል። የአንድ ሀብታም በር ይጠብቃል። የሰው ካፖርት ለብሶ፣ ዱላ ይዞ፣ ለሚገባና ለሚወጣ መኪና በር ይከፍታል። ይህንን ወሬ ያመጣው ከብት ነጋዴ ነው፤ ሳይዲሙም አትናገሩብኝ ብሎ ለምኖታል።

"ከመቼ ጀምሮ ታውቃለህ?"

"ከዝናቡ በፊት ጀምሮ።"

"ለእኔ ግን አልነገርከኝም።"

"እንዴት አድርጌ ልንገርሽ፣ የሳይዲሙ እናት?" አለ፣ በዚያው በሹክሹክታ፣ እየተማጸነ። "ለሌላ ሰው ቢሆን ጥላ ሥር ጠርቼ በጆሮው ጣል አደርግለታለሁ። ለአንቺ መጮህ ነበረብኝ። ብጮህ ደግሞ መንደሩ በሙሉ ይሰማል፤ የቤታችንን ውርደት በገዛ አፌ ላውጅ? ለናሬዮ ብነግራትም አንቺ ፊቷን አይተሽ ታነቢው ነበር። ዝም አልኩ። አሁን እንኳ ይቺ ነገርሽ ባትኖር…" መዥገሯን በዓይኑ አመለከተ። "አሁንማ ጥሩ ነው። ቀስ ብለን እንነጋገራለን። እኔና አንቺ ብቻ።"

ኖኪሹ ልብሷን ገለጠች። የቀኙን ናስ አነሳች፤ ጠፍሩን በጆሮዋ ላይ አዞረች። ቋ! ቋ! አለ፣ መዥገሯ ላይ እያረፈ። የግራውን አነሳች። ናሬዮ ልታግዛት ስትጠጋ በክርኗ መለሰቻት። ሁለቱም ቦታቸውን ሲይዙ መዥገሯን ከጆሮዋ ነቅላ መዳፏ ውስጥ ጨበጠቻት። እርግቦቹ ጠፉ። እሾሁ ጠፋ። ወንዙ ተመልሶ መጣ። ሌኩላል አሁንም ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ነበር፤ አንዲት ቃል አልሰማችም፤ አልፈለገችምም።

"በቃህ" አለች። "የልጄን ሕያውነት በጥላ ሥር የሚነግረኝ ሰው አልፈልግም። ለሞተ ሰው እንኳ ይጮኻል፤ ይኸው መንደሩ ሲጮህ አልነበር? ለሞቱ እንዲህ የጮኸ ጉሮሮ ለሕይወቱ ለምን ይታፈናል? ከብት ነው ያለቀበት። ዘንድሮ ከብት ያላለቀበት ማነው? በር ቢጠብቅ ጠበቀ፤ ሰርቆ አልተያዘ። እኔ ተደብቆ የሚኖር ልጅ አልወለድኩም።"

ሌኩላል አንድ ነገር ሊል እጁን አነሳ።

"እጅህን አውርድ! እጅህን ጠግቤዋለሁ። ተነስና ከዚህ ጎጆ ውጣ። ግራሩ ሥር፣ ሁሉም ባለበት መሃል ቁም። ሳይዲሙ በሕይወት አለ በል። ከብቱ አልቋል በል። ናንዩኪ የሰው በር ይጠብቃል በል። ሚስቱ ነገ ሄዳ ታመጣዋለች፣ አንተም አብረሃት ትሄዳለህ፤ እሱንም በል። ፊትህን ወደ ተራራው ሳይሆን ወደ እኔ አዙር፤ ሳንባህ እስኪነድ ጩህ። እኔ ከዚህ ከበሩ ላይ ሆኜ እሰማሃለሁ። ካልሰማሁህ እንደገና ከመጀመሪያው ትጀምራለህ።"